«ከየት ነው የመጣኸው?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ጠፋ!

አበው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። የከተማችን ክሊኒኮች ግን ቸኩለው ያፈሰሱትን ጎንበስ ብለው የሚለቅሙበት ጊዜ እንኳ የላቸውም። የሚያፈሱት ደግሞ ጤፍ አይደለም። የሰው ሕይወት ነው።

ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ደረሰኞች ተቀምጠዋል። ሦስቱም የካርድ፣ የላብራቶሪና የመድኃኒት ዋጋ ተጽፎባቸው ማህተም ተመትቶባቸዋል። ባለቤታቸው የአክስቴ ልጅ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። «ነበር» የምለው ዛሬ ስለሌለ ነው።

ሥራው ሙዝ መጫንና ማውረድ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ከሙዝ መኪና ጋር አርባ ምንጭ ወርዶ ሦስት ሌሊት አድሮ ተመለሰ። ሆቴል ያደረ እንዳይመስላችሁ፤ ጭነቱ እስኪሞላ ሸራ አንጥፎ መኪናው ላይ ነው የተኛው። አጎበር? የምን አጎበር! አዲስ አበባ ገብቶ አሥር ቀን ሙሉ ደህና ሰው ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን «ራሴን» አለ። ብርድ ብርድ አለው። መገጣጠሚያው ሁሉ ተቆራረጠ።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። መጀመሪያ «ምች ነው» ያልኩት እኔው ነኝ፤ ጋዜጠኛው፣ የተማርኩ ነኝ ባዩ። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ ሰጠችው። አላበውና ቀለል አለው። እኛም ተደሰትን። ለካ ንዳድ ልማዱ እንደዚያ ነው፤ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፣ ያልባል፣ ከዚያ ለጥቂት ሰዓት ልቀቅ ያደርጋል። ማግስቱን ተመልሶ መጣ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ገባን። ካርድ ክፍሏ ስሙን፣ ዕድሜውንና ቀበሌውን ጠየቀችው። ሐኪሙ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ብሎ ቀና ሳይል ላብራቶሪ ጻፈለት። ውጤቱ ሲመጣ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተባለ፤ ሲፕሮና ዶክሲሳይክሊን ተሰጠው። ሁለተኛው ክሊኒክ ያለቀጠሮ በሌሊት የገባንበት ነው። ከመሄዳችን በፊት ፓናዶል ውጦ ስለነበር ቴርሞሜትሩ ትኩሳት አላሳየም፤ «ደህና ነህ፣ መድኃኒቱን ጨርስ» ብለው መርፌ ወግተው ሸኙት። ሦስተኛው «ታይፎይዱ ጨምሯል፣ ጨጓራም አለብህ» ብሎ ግሉኮስ ሰቀለለት።

ዓይኑ ቢጫ ሆኖ መቃዠት ሲጀምር ወደ መንግሥት ሆስፒታል ወሰድነው። እዚያ አንዲት ወጣት ሐኪም አልጋው አጠገብ ቆመችና «በዚህ ወር ከአዲስ አበባ ወጥቶ ነበር እንዴ?» አለችን። ምላስ ስላልነበረው እኔ መለስኩለት። ደሙን ወሰዱ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ውጤቱ መጣ፤ ወባ፣ ያውም ገዳዩ ፋልሲፋረም። የአርቴሱኔት መርፌ በዚያው ሌሊት ተጀመረለት። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ምኑ መሰላችሁ? በሦስቱ ደረሰኞች ላይ ለሁሉም ነገር ተከፍሏል። ለካርዱ፣ ለምርመራው፣ ለመርፌው፣ ለግሉኮሱ፣ ሁሉም ዋጋ ተቆርጦለታል። ሊያድነው ይችል የነበረው ጥያቄ ግን ምንም ዋጋ የለውም፤ በነጻ ነው! ጠያቂ ግን አልተገኘም።

የአንድ ቤተሰብ ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቅሶ ተቀምጠን ዝም ባልን ነበር። ነገሩ ግን ከዚያ ያልፋል።

ደጋ ላይ ተቀምጦ ቆላን መርሳት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብርዱ ለወባ ትንኝ አይመችም። ስለዚህ የከተማው ሐኪምም ሆነ ሕመምተኛው «ወባ እኛ ጋ የለም» ብሎ ያስባል። ትንኟ ላትወጣ ትችላለች፤ አውቶቡሱ ግን ይወጣል! አዳማ ከመቶ ኪሎ ሜትር አይርቅም፤ ወባ ግን አለበት። አዋሽ፣ መተሐራ፣ አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ፣ መተማ፣ ሁመራ ደርሶ የሚመለሰውን ሰው ቁጥር ለማወቅ መርካቶ አውቶቡስ ተራ አንድ ጠዋት መቆም ነው። የጅቡቲ መስመር ሾፌርና ረዳት፣ የሰሊጥ ቀን ሠራተኛ፣ የግንባታ ሠራተኛ፣ ወታደር፣ ነጋዴ፣ ዘመድ ጠያቂ፣ ሶደሬና ላንጋኖ ለሽርሽር የወረደው ሁሉ በዚያው ይመለሳል።

አደገኛው ወባ ከተነደፉ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ያህል ሳይታወቅ ይቆያል፤ ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ የሚመጣው ከተመለሱ በኋላ በዚያው በመጀመሪያው ወር ውስጥ ነው። ሰውየው በዚያን ጊዜ ጉዞውን ረስቶታል። ሥራው ላይ ነው። «ታመምኩ» ሲል አርባ ምንጭ ትዝ አይለውም። ስለዚህ ሕመምተኛው ራሱ ይነግረኛል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው። መጠየቅ ያለበት ሐኪሙ ነው።

ሌላው ነገር፣ ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው ወባን ደጋግሞ ስለሚያገኘው በመጠኑም ቢሆን ይቋቋመዋል። ደገኛው ግን ባዶ እጁን ነው የሚገጥመው። አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር፤ ቆላ መውረድን ይፈሩት የነበረው በዚህ ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ወባ ወደ ደጋው ወጥቶ የፈጀውን ሽማግሌዎች አይረሱትም። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመውና በየቤቱ ዲዲቲ የተረጨው ከዚያ እልቂት በኋላ ነው።

«እሱ ድሮ ቀረ» የሚል ይኖራል። አልቀረም! በ2022 ዓ.ም. ወባን ከአገር ለማጥፋት ዕቅድ ተነድፎ ስንትና ስንት መግለጫ ሰምተናል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት ከታኅሣሥ 2016 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። ይህ እንግዲህ የተመዘገበው ነው። ክሊኒክ ለክሊኒክ ሲንከራተት «ታይፎይድ» ተብሎ የሞተው የት ይመዘገባል? ጦርነቱና መፈናቀሉ የጤና ኬላዎችን ባዶ አስቀርቷል፤ ርጭቱም አጎበሩም በብዙ ቦታ በጊዜው አልደረሰም። ይህን ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በዚህ ላይ አዲስ እንግዳ መጥታብናለች። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በ2009 ዓ.ም. ገደማ ቀብሪ ደሐር ላይ ተገኘች። ይህችኛዋ ረግረግ አትፈልግም፤ ከተማ መሀል በበርሜልና በውኃ ታንከር ውስጥ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋን ያመሰው የወባ ወረርሽኝ ከእርሷ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታውቋል። «ወባ የገጠር በሽታ ነው» የሚለው ተረት በዚህ አበቃ።

የታይፎይድና የታይፈስ ንግድ

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት እንግባ። በዚህ ከተማ አተኩሶት ክሊኒክ የገባ ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ» ሳይባል መውጣቱ ያጠራጥራል። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሰው በእርግጥ ሁለቱ በሽታዎች ባንድ ላይ ይይዙታልን?

ምርመራዎቹ ዊዳልና ዌል ፊሊክስ ይባላሉ። ሁለቱም የሚያሳዩት ጀርሙን ራሱን አይደለም፤ ሰውነት በጀርሙ ላይ ያወጣውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ከዓመታት በፊት ከታመሙት የቀረ ሊሆን ይችላል። ሌላ በሽታም ሊያስነሳው ይችላል፤ ወባ ራሱ ዊዳልን «ፖዘቲቭ» ሊያደርግ ይችላል! ስለዚህ አንድ ጊዜ በተወሰደ ደም ብቻ «ታይፎይድ ነው» ብሎ መፍረድ ትክክል እንዳልሆነ የሕክምና ትምህርቱ ራሱ ይናገራል። ታይፎይድን በትክክል የሚለየው የደም ከልቸር ነው፤ እሱ ደግሞ ቀናት ይፈጃል፣ በየክሊኒኩም የለም።

ታዲያ ለምን ይሠራበታል? እውነቱን እንነጋገር። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ገንዘብ ያስገባል፣ ሕመምተኛውም የበሽታ ስም ተሰጥቶት ደስ ብሎት ይሄዳል። ጥያቄ መጠየቅ ግን አያስከፍልም፤ ደረሰኝ አይቆረጥለትም። እኛም ታካሚዎች ከደሙ ነጻ አይደለንም። «ላብራቶሪ ያላዘዘልኝ ሐኪም ምን ሐኪም ነው?» የምንል እኛው አይደለንም እንዴ?

ባለክሊኒኮችን ሁሉ በአንድ ጆንያ መክተቴ አይደለም። ቁጭ ብለው የሚጠይቁ፣ «እኔ ጋ አይሆንም፣ ሆስፒታል ሂድ» የሚሉ ሐቀኞች አሉ። ብዙዎቹ ግን የሚሠሩት ተቆጣጣሪ በሌለበት ነው። የንግድ ፈቃዳቸው ግድግዳ ላይ መሰቀሉን የሚያይ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው እንዴት እንደመረመሩት የሚያይ ግን የለም።

«ወባ የለብህም» መባል ብቻ አያበቃም

በአሜሪካም በአውሮፓም ሐኪሞች የሚመሩበት ደንብ አለ። ወባ ካለበት አገር ተመልሶ ያተኮሰው ሰው ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ወባ እንዳለበት ተቆጥሮ በዚያው ቀን ይመረመራል። የመጀመሪያው ውጤት ነጻ ቢሆን እንኳ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ልዩነት ደሙ ይደገማል፤ እስከ ሦስት ጊዜ። አገር ቤት ዘመድ ጠይቆ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የተመለሰ ወገናችን ቢያተኩሰው ይህ ይደረግለታል ማለት ነው። የእኛን ቆላ ከእኛ ይልቅ ፈረንጅ ይፈራዋል! ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ የመጣውን ግን ማን ያየዋል?

መድገሙ የሚያስፈልገው በምክንያት ነው። ተውሳኩ በመጀመሪያው ቀን በደም ውስጥ ጥቂት ሊሆን ይችላል። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን መመርመሪያም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም፤ መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመነጭ የፋልሲፋረም ዝርያ በአገራችን ተገኝቷል። እንግዲህ «ነጌቲቭ» የሚለው ወረቀት የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ሌላም አለ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ለዚህ ፕሪማኩይን የሚባል ኪኒን አለ፤ ለነፍሰ ጡርና ለአንዳንድ ሰዎች ስለማይሰጥ ሐኪም ሊያዘው ይገባል። ከመተማና ከሁመራ የሰሊጥ እርሻ የተመለሰ ቀን ሠራተኛ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ከከሳና ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ ደግሞ ካላዛር መጠርጠር አለበት። ካልታከመ ይገድላል። በአንድ ክፍል ተደራርበው የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ቅማል የሚያስተላልፈው ግርሻ ሊይዛቸው ይችላል። ደስ የሚለው ነገር፣ ለወባ ተብሎ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ያው የደም ፊልም የግርሻንም ጀርም ሊያሳይ ይችላል። አንድ ጠብታ ደም፣ ሁለት መልስ! ለዚያ ግን የሚያይ ባለሙያ፣ ማይክሮስኮፕና የማይጠፋ መብራት ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ?

ተራ ዜጋ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን የምጠይቀው ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ ተመላላሽ ታካሚ በሚታይበት በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ፣ ክሊኒክና ሆስፒታል ካርድ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ባለፉት ሦስት ወራት ከከተማ ወጥተው የት አደሩ?» ሐኪሙ ጊዜ ከሌለው ካርድ ክፍሏ ትጠይቅ። ቀበሌያችንን ለመጠየቅ ጊዜ ያገኘች የት እንዳደርን ለመጠየቅ አታጣም።

ሁለተኛ፣ ከቆላ የተመለሰ ባለትኩሳት ወረፋው ቅድሚያ ይሰጠው፣ ደሙም በዚያው ቀን ታይቶ ውጤቱ በዚያው ቀን ይነገረው። «ነገ ተመለስ» የሚባል ነገር ይቅር። ፓናዶል ውጦ ትኩሳቱ ቢጠፋም «ማታ አተኩሶኝ ነበር» ካለ ይታመን።

ሦስተኛ፣ ደሙ ሳይታይ «ወባ ሊሆን ይችላል» ተብሎ ኮአርተም እንደ ከረሜላ አይታደል። ያም ሌላው ጥፋት ነው። መድኃኒቱ ይለመዳል፤ እውነተኛው በሽታም ተሸፍኖ ይቀራል። ሳይመረመሩ ማከምም፣ ሳይጠይቁ መመርመርም ያው ናቸው።

አራተኛ፣ በመጀመሪያው ቀን ምንም ያልተገኘበት ሰው የቀጠሮ ቀን ተጽፎለት ይሂድ። ምን ሲሆን ሳይጠብቅ እንደሚመለስም በአማርኛ ይነገረው፦ መቃዠት፣ ራስን መሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ውኃ እንኳ አልወርድ ማለት። የእኔ ወንድም ዓይኑ ቢጫ ሲሆን የት መሄድ እንዳለብን የነገረን አልነበረም።

አምስተኛ፣ የከተማው ጤና ቢሮ በአንድ የዊዳል ምርመራ ብቻ የሚፈርዱትን ክሊኒኮች ይቆጣጠር። ለላብራቶሪ ባለሙያዎችም የወባን ደም የማንበብ ስልጠና ይታደስ። ደጋ ላይ ዓመት ሙሉ ወባ ያላየ ዓይን ወባን ቢያየውም ላያውቀው ይችላል።

ስድስተኛ፣ የተገኘው ወባ ከየት እንደመጣ ይመዝገብ። አሥር ሰው ከአንድ እርሻ ታሞ ከመጣ እዚያ እርሻ ላይ አጎበርና ርጭት መላክ ይቻላል። ሳይጠየቅ ግን አይታወቅም።

ባለሥልጣናቱን የምለው

ይህ ሁሉ ሸክም በሐኪሙ ትከሻ ላይ ብቻ ይጣል ማለቴ አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች «ደሞዛችን አያኖረንም» ብለው ድምፃቸውን ሲያሰሙ ምን ሆነ? ሥራ አቆሙ፤ በርካቶችም መታሰራቸው ተዘገበ። የራበውን ሐኪም አስራችሁ ስታበቁ «ለምን ሕመምተኛውን በትዕግሥት አልጠየቀም?» ብትሉት ማን ይሰማችኋል? በቀን መቶ ሰው የሚያይ ሰው ዓይን ለዓይን ለመተያየትም ጊዜ የለው። የአክስቴን ልጅ «ወጥቶ ነበር እንዴ?» ብላ የጠየቀችው ወጣት ሐኪም የዚያን ሌሊት ስንት ሰዓት እንደቆመች አይቻለሁ። ሲነጋም እዚያው ነበረች።

«ከየት መጣህ?» የሚለው ጥያቄ ለአንድ ሰው ብቻም አይደለም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ መግባቱ ሲታወጅ አገር በሙሉ ደነገጠ። እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ የሚይዘው ትልቁ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው ቀና ብሎ የት እንደነበረ የሚጠይቅ አንድ ጤና መኮንን ነው። በዚህች አገር «ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ ስንት ሰው እንዳስፈራና እንዳስለቀሰ እናውቃለን። ኬላ ላይ ሲጠየቅ ሰው ይሸማቀቃል። ለዚህ ነው ጥያቄው በሐኪም አፍ ሲነገር «የት አድረህ ነበር?» መባል ያለበት። ዘሩን አንፈልግም፤ የነደፈችውን ትንኝ ነው የምንፈልገው።

አንባቢ ሆይ፣ እስከዚያው ድረስ ግን ራስህን ጠብቅ። ቆላ ወርደህ ተመልሰህ ያተኮሰህ እንደሆነ «ምች ነው» አትበል፤ እኔ ብዬ አይቼዋለሁ። ጠያቂ አትጠብቅ። ካርድ ክፍሏ ጋ ስትደርስ ስምህን ከመናገርህ በፊት «እንዲህ ያለ አገር ሄጄ፣ በዚህ ቀን ተመልሻለሁ፣ ደሜ ለወባ ይታይልኝ» በል። ቢያላግጡብህ አትፈር። ነጌቲቭ ብለው ቢሸኙህ እና ትኩሳቱ ካልለቀቀህ ማግስቱን ተመለስ።

ሦስቱን ደረሰኞች ልጥላቸው አስቤ ነበር። አልጣልኳቸውም። አክስቴ ገጠር ናት፤ ማንበብ አትችልም። ለአርባው ስትመጣ ወረቀቶቹን አገላብጣ አይታ «ይሄን ሁሉ ከፍሎ ምን አሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። መልሱን የሚመለከታቸው ክፍሎች ይስጧት።